ከፍሪዘር የተራገፈ ሆት ፖት ለእሁድ እራት

ጥያቄው፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሁለት ቻይናውያን የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። አንዷ ከሲችዋን፣ ሌላው ከቤይጂንግ ናቸው። እሁድ ማታ እነሱንና ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ሆት ፖት፣ ገበታ ላይ በሚፈላ መረቅ ውስጥ ሥጋና አትክልት እየነከሩ የሚበሉትን የቻይና ምግብ፣ ልሠራ አስቤያለሁ። አዲስ ነገር ከመግዛት ፍሪዘሬ ውስጥ ያለውን ልጨርስ ብዬ ነው። ያለኝ ይኸው፦ ለፋሲካ ከቅርጫ የደረሰን የበሬ ሥጋ ከነሻኛው፣ አጥንት፣ ግማሽ ጥሬ ዶሮ፣ አንድ ሳህን ዶሮ ወጥ፣ ያልተጠበሰ ሳምቡሳ፣ የተቀቀለ ጎመን፣ ከጅቡቲ በዘመድ የመጣልኝ ዓሣ። ችግሩ፣ ሐሙስ ማታ የጠፋው መብራት ዓርብ እኩለ ቀን ነው የመጣው። ጎረቤቶቼ ደግሞ ሙስሊሞች ናቸው፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የቻይና ቅመም የለኝም። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሐሳብሽ በጣም ጥሩ ነው። ግን ከቅመሙ አትጀምሪ፤ ከፍሪዘሩ ጀምሪ። ሆት ፖትን ከሌላው ምግብ የሚለየው ድስቱ የጋራ መሆኑ ነው። ወደ ውስጡ የገባው ነገር፣ ጣዕሙም ሽታውም ችግሩም፣ ለገበታው ሰው ሁሉ ይደርሳል። ጥብስ ቢበላሽ አንድ ሳህን ይነሳል። እዚህ ግን አንድ ቁራጭ የተበላሸ ዓሣ መረቁን በሙሉ ያበላሸዋል። ስለዚህ ዋናው ሥራ እሁድ ማታ ምድጃው ላይ የሚሠራው አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ፍሪዘሩ ፊት ቆመሽ «ይሄ ይገባል፣ ይሄ አይገባም» ብለሽ የምትለዪው ነው።

መጀመሪያ መብራቱ። ከሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ሲቆጠር ወደ 18 ሰዓት ይጠጋል። በሩ ካልተከፈተ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት ይይዛል። ግማሹ ባዶ ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ነው። የተለመደው መለኪያ ይህ ነው። በድሬ ሙቀት፣ ያውም ፍሪዘሩ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አጠገብ ከሆነ፣ እኔ ከዚህ ቀንሼ ነው የማስበው። ስለዚህ በሰዓቱ ብቻ አትተማመኚ። ዕቃውን ራሱን እዪው።

ፌስታሎቹን ገልብጪ። ከሥር መጀመሪያ ያልነበረ የደም ውሃ ተጠራቅሞ በረዶ ከሆነ፣ ሥጋው ቀልጦ መልሶ ቀዝቅዟል ማለት ነው። በረዶ የምትሠሪበት ዕቃ ውስጥ ያሉት ኩቦች ተጣብቀው አንድ ከሆኑም ምልክቱ ያው ነው። ጥቅሉ ቅርፁን እንደያዘ ከሆነ፣ ኩቦቹም እንደነበሩ ካሉ፣ አትስጊ። መሐሉ ክርር ብሎ ዳር ዳሩ ብቻ ለስልሶ የነበረ ሥጋ ምንም አይሆንም። ሙሉ በሙሉ ለስልሶ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ሳይታወቅ መልሶ የጠጠረውን ግን ጣዪው። በማሽተት ለመለየት አትሞክሪ፤ አፍንጫ እዚህ ላይ አያድንም። ፍሪዘር ባክቴሪያ እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ አይገድለውም። ሲቀልጥ ካቆመበት ይቀጥላል።

ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ ቀላል መላ ልንገርሽ። አንድ ኩባያ ውሃ አቀዝቅዢ። በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጪና ፍሪዘሩ ውስጥ ተዪው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሳንቲሙ ላይ ካለ ፍሪዘሩ አልቀለጠም። ሰምጦ ካገኘሽው ቀልጦ ነበር። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ ይህቺ ሳንቲም ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

አሁን ዓሣው። እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ከጅቡቲ ድሬ 300 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ መንገዱ ደግሞ የበረሃ መንገድ ነው። ዘመድሽ በበረዶ ሣጥን ይዞት እንደመጣ ጠይቂ። «በፌስታል ጠቅልዬ መኪናው ኋላ አድርጌው» ካለሽ አትጠቀሚበት። ቱናና የቱና ዘመድ የሆኑት ዓሦች ሙቀት ሲያገኛቸው ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። የበላው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሰውነቱን ያሳክከዋል። ዋናው ነገር፣ ሂስታሚን አንዴ ከተፈጠረ ብታቀዘቅዢውም ብትቀቅዪውም አይጠፋም። የፈላ መረቅ ሁሉን ያጠራል የሚለው እምነት እዚህ ላይ አይሠራም። በበረዶ የመጣ ከሆነና ከሐሙሱ ፈተናም ካለፈ ግን፣ ይህ ዓሣ የእሁዱ እራትሽ ትልቁ ሀብት ነው። ምክንያቱን ወዲያው እነግርሻለሁ።

የቅርጫው ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ ነው። ጎረቤቶችሽ አይበሉትም። አንቺም የእነሱን አትበዪም። ይህ በድሬ ማንም የሚያውቀው፣ ማንም የማይቀየምበት ነገር ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ እየኖረ፣ በአንድ ሰርግ እየተገናኘ፣ ሥጋውን ለይቶ ሌላውን አብሮ ሲበላ ኖሯል። አንድ ድስት ሠርተሽ «ከዚህ ጥግ እናንተ፣ ከዚያ ጥግ እኛ» ማለት ግን በሆት ፖት አይቻልም። መሐሉ ላይ ክፍልፋይ ያለው ድስት ብታገኚም አልመክርሽም። ይፈናጠቃል፣ ጭልፋ ይቀያየራል። ሁለት የተለያዩ ድስቶች ያስፈልጉሻል።

አንደኛው ቀዩ ድስት ይሁን። የቅርጫው ሥጋ፣ ዶሮው፣ የአጥንቱ መረቅ እዚያ ነው የሚገባው። ለአንቺ፣ ለቤተሰብሽና ለቻይናውያኑ ነው። ሁለተኛው ነጩ ድስት ነው። እሱ ውስጥ ምንም ዓይነት ሥጋ አይግባ። አትክልት፣ እንቁላል፣ ቀጭን ፓስታ፣ ዓሣው ካለፈ ደግሞ ዓሣ። ዓሣ እርድ ስለማይጠይቅ የሁለቱም ወገን ሰው አብሮ ይበላዋል። ሀብት ያልኩሽ ለዚህ ነው። በዓሣው ፋንታ ሽሪምፕ ልጨምር ብትዪ ግን በኛ በኦርቶዶክሶች ዘንድ የማይበላ ስለሆነ ተዪው። ቅርፊትና ክንፍ ያለው ዓሣ ይበቃል።

ለነጩ ድስት ከሙስሊም ሥጋ ቤት አንድ ኪሎ ፍየል ገዝተሽ ብትጨምሪስ? ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ድስቱ የእነሱ ብቻ ይሆናል። አንቺ ከእንግዶችሽ ጋር ከአንድ ድስት ሳትበዪ ታመሻለሽ። እኔ ብሆን ሥጋውን ትቼ አብሮ መብላቱን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ ለነጩ ድስት የራስሽን ዕቃ አታውጪ። ድስቱንና ጭልፋውን ከጎረቤትሽ ተዋሺ። ሥጋ ስትቀቅዪበት የኖርሽውን ድስት ምንም ብትፈትጊው የእንግዳው ልብ ሊጠራጠር ይችላል። የራሷን ድስት ስታይ ግን ሳትጠይቅ ትቀመጣለች። የመረቅ ኩብ ከተጠቀምሽም የዶሮና የበሬ ጣዕም ያለውን ለነጩ አትጨምሪ፤ የአትክልቱን ተጠቀሚ።

ጎረቤቶችሽ የሚወዱት ወሬ ደግሞ ልስጥሽ። የቤይጂንግ ስመ ጥሩ የበግ ሆት ፖት ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ሙያ ነው። ዶንግላይሹን የሚባለው ዝነኛ ቤት በ1903 እ.ኤ.አ. በትንሽ ድንኳን የጀመረው በአንድ ሙስሊም ነጋዴ እጅ ነው። ያን ጊዜ የኛ ድሬ ባቡሩ ደርሶ ከተቆረቆረች አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። የቤይጂንጉ ባልደረባሽ ይህን ቤት እንደሚያውቀው አልጠራጠርም።

አሁን ወደ መለየቱ እንሂድ። ለቀዩ ድስት አንድ መመሪያ ያዢ፤ የበሰለ ነገር ወደ መረቁ፣ ጥሬ ነገር ወደ ሳህኑ። በስሎ የቀዘቀዘ ምግብ በጭልፋ እየተጠለቀ ሲበላ ይፈራርሳል፣ ጣዕሙም ይደክማል። መረቁን ሲያጣፍጥ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ጥሬው ደግሞ በስሱ ተቆርጦ ገበታ ላይ ይቀርባል።

ዶሮ ወጡ የዚህ እራት ቁልፍ ነው። የሲችዋን ቀይ መረቅ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። የበሬ ስብ ይቀልጣል። የደረቀ ቃሪያ፣ ከባቄላና ከቃሪያ የተብላላ ዶውባንጂያንግ የሚባል ድልህ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የሲችዋን ቁንዶ በርበሬና ሌላ ቅመም በዝግታ ይቁላላበታል። ከዚያ በመረቅ ይቀጥናል። አሁን ቁሌታችንን አስቢው። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ ረጅም ሰዓት። በስብ ላይ በዝግታ የበሰለ ቀይ ቅመም ነው፤ አሠራሩ አንድ ነው። አንቺ ግማሹን ሥራ ለበዓል ጨርሰሽዋል።

ስለዚህ ዶሮ ወጡን አቅልጪው። ሥጋውንና እንቁላሉን አውጪ። በፍሪዘር የከረመ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ይጠነክራል፣ ውሃም ይለቃል፤ ገበታ ላይ አታቅርቢው። የዶሮውን ሥጋ ፈልፍለሽ መረቁ ውስጥ ልትመልሺው ትችያለሽ። ድልሁን በወንፊት አጥልዪው። ይህን እንዳትዘዪው። ሽንኩርቱ ሳይጣራ ከገባ ድስቱ ሥር ተቀምጦ ያራል፣ ማታውን ሙሉ መረቁ የአረረ ነገር ይሸታል። ከተጣራው ሦስት አራት ጭልፋ ወስደሽ በሁለት ሊትር ያህል የአጥንት መረቅ አቅጥኚው። ዝንጅብል በትልልቁ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ሁለት ሦስት ቅርንፉድ ጨምሪ። ሶያ ሶስ ካለሽ ሁለት ማንኪያ። ጨው አትጨምሪ። ወጡ ጨው አለው፤ መረቁ ደግሞ ማታውን ሲፈላ እየወፈረ ጨዋማነቱ እየጨመረ ነው የሚሄደው።

የሲችዋኗን ባልደረባሽን አንድ ነገር ጠይቂያት። አንድ ጭብጥ የሲችዋን ቁንዶ በርበሬ ይዛ ትምጣ። ምላስን የሚያደነዝዘውን ያን ጣዕም የኛ ቁንዶ በርበሬም ጥምዝም አይተኩትም። እንግዳን «አምጪ» ማለት ነውር ነው ብለሽ አትተዪው። በሰው አገር ላለ ሰው የአገሩን ቅመም ይዞ መምጣት ደስታ ነው። በፌስታል የታሸገ የሆት ፖት መረቅ ይዛ ከመጣችም ለቀዩ ድስት ብቻ ተጠቀሚው። አብዛኛው በበሬ ስብ የተሠራ ስለሆነ ወደ ነጩ አይጠጋም። ጽሑፉን እሷ ታንብብልሽ፤ የአሳማ ነገር ያለበት ከሆነም ቀዩ ድስት ውስጥ አይግባ፣ ለአንቺም አይሆንምና።

አጥንቱን ቅዳሜ ጨርሺው። በቀዝቃዛ ውሃ ጣጂው። ፈልቶ አረፋውና ቆሻሻው ሲወጣ ውሃውን ድፊው፣ አጥንቱን እጠቢው፣ በአዲስ ውሃ መልሺው። ከዚያ በለሰለሰ እሳት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይንተክተክ። ቅልጥም ካለበት እጅግ ጥሩ። ሲያልቅ እስከ ነገ ምድጃው ላይ እንዳይቆይ። ሰፋ ያሉ ዕቃዎች ውስጥ ገልብጠሽ፣ ዕቃዎቹን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ በቶሎ አቀዝቅዢው። ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት ላዩ ላይ የረጋውን ስብ ግማሹን አንሺ፤ ሙሉውን አታንሺ፣ የቀዩ መረቅ ጣዕም ያለው እሱ ላይ ነው።

ሥጋው ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ቤት ሆት ፖት የሚበላሸው እዚህ ነው። ከቅርጫ የመጣ ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ ተደባልቆ በአንድ ፌስታል ይከተታል፣ በአንድ ቋጥኝ ይቀዘቅዛል። ቅዳሜ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርጂው። ማብሰያው ጠረጴዛ ላይ አውጥተሽ አታቅልጪው። በድሬ ሙቀት ላዩ ሞቆ ባክቴሪያ ሲራባበት መሐሉ ገና በረዶ ነው። እሁድ ቀን ላይ ዳሩ ለስልሶ መሐሉ ገና ጠንከር ያለ ይሆናል። የምትፈልጊው ይህንን ሰዓት ነው። ሙሉ በሙሉ የቀለጠ ሥጋ በቢላ ሥር ይሸሻል፤ ስስ አድርገሽ ልትቆርጪው አትችዪም። ከፊል የቀዘቀዘው ግን ቀጥ ብሎ ይቆረጣል።

ሻኛውን ለይተሽ አስቀምጪ። ቻይናውያን ለሆት ፖት ስብ ጣልቃ የገባበትን የበሬ ሥጋ ነው የሚመርጡት፤ የኛ ሻኛ ደግሞ በትክክል ያ ነው። ከሱ ቀጥሎ ዳቢትና ሽንጥ። ፍሪምባና ወርች በደቂቃ አይበስሉም፤ የአጥንቱ መረቅ ውስጥ ቀድመው ይቀቀሉ። ታፋው ድርቅ የሚል ከሆነ ለግማሽ ኪሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ከትንሽ ውሃ ጋር አሽተሽ 15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ተዪው፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቀሽ አድርቂው። ይለሰልሳል።

ስትቆርጪ የሥጋውን ክር ተመልከቺ። ክሩ ወዴት እንደሚሄድ እይና በአግድሙ ቁረጪ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ወፍራም ሥጋ በሆት ፖት ሁለት ጊዜ ይበድልሻል፤ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ቢላው ደነዝ ከሆነ ቀድመሽ አስሞርጂው። ነጣ ያለ፣ የደረቀ ጠርዝ ካገኘሽ ፍሪዘሩ ያደረቀው ነው። አይጎዳም፣ ግን ጣዕም የለውም፤ ቆርጠሽ ወደ መረቁ ጣዪው። የተቆረጠውን በስሱ ደርድረሽ፣ ሸፍነሽ ወደ ፍሪጅ መልሺ።

ገበታው ላይ ቁርጥ የሚወድ ሰው አይጠፋም። «ትንሽ ነካ አድርጌ ላውጣው» ይላል። የኮሶ እጭ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቅዝቃዜ ውስጥ ከ10 ቀን በላይ ሲቆይ ይሞታል። እውነት ነው። ባክቴሪያው ግን አይሞትም፤ የሐሙሱም መብራት አለ። የእሁዱ ሥጋ ቀለሙ ሙሉ ለሙሉ እስኪለወጥ ይብሰል። በፈላ መረቅ 2 ሚሊ ሜትር ሥጋ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ማንም አይጎዳም፣ ሥጋውም አይደርቅም።

ዶሮው ሌላ ነው። ፈልፍለሽ በስሱ ቁረጪው፣ አጥንቱን ወደ መረቁ ስደጂ። ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሐረር ብትሆኚ ከዚያም ይቀንስ ነበር። ለዶሮው ይበቃል፤ ግን መረቁ እየፈላ መሆን አለበት። ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ስጪው፣ ሮዝ ቀለም እንዳይቀርበት ሰንጥቀሽ እዪው። የዶሮው ሳህን ለብቻው ይቅረብ፣ የራሱ መቆንጠጫ ይኑረው።

ሳምቡሳውን ድስቱ ውስጥ አታስገቢ። ሊጡ ይፈታል፣ ውስጡ ይበተናል። ጥበሺውና እንግዶች ሲገቡ አቅርቢው። ውስጡ የቅርጫው ሥጋ ከሆነ ለጎረቤቶችሽ የምስር ሳምቡሳ ከሰፈር ግዢላቸው። የተቀቀለው ጎመን በነጩ ድስት መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ከሥጋ ጋር የተሠራ ከሆነ ግን ወደ ቀዩ። እንጀራ ጎን ይቅረብ እንጂ መረቅ ውስጥ አይነከር።

ነጩ መረቅ ቀላል ነው። የቤይጂንጉ ዓይነት ከውሃ ብዙም አይለይም። ውሃ፣ ዝንጅብል፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ያ ነው። ለዓሣና ለአትክልት ግን ትንሽ ጉልበት ያስፈልገዋል። ካሮት፣ የጥቅል ጎመን ግንድ፣ ሁለት ቲማቲም፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት አንድ ሰዓት ቀቅለሽ አጥልዪው። የደረቀ እንጉዳይ ከባልደረቦችሽ ካገኘሽ ጨምሪበት። ለመጥለቂያ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ በስሱ የተቆረጠ ድንችና ስኳር ድንች፣ ካሮት ይበቃሻል። ከቀፊራ ገበያ ትኩሱን ግዢ፤ እዚህ ላይ ብር አትቆጥቢ። ድንቹ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድሞ ይግባ።

የነጩ ድስት ጣዕም ያለው ማጥቀሻው ላይ ነው። እዚህ ላይ የምሥራቁ አገር ሰው መሆንሽ ጠቀመሽ። ቤይጂንጎች ሥጋቸውን የሚያጠቅሱት የሰሊጥ ድልህ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከለውዝ ጋር ይደባልቁታል። አንቺ ደግሞ የባቢሌ ለውዝ ደጅሽ ላይ ነው። አንድ ኩባያ ለውዝ ቁዪ፣ ቆዳውን አንሺ። ግማሽ ኩባያ ሰሊጥ ለብቻው ቁዪ፣ እንዳይመርር ተጠንቀቂ። ሁለቱን በትንሽ ዘይት ፍጪ። ለብ ያለ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አቅጥኚ፤ መጀመሪያ ይጠጥራል፣ አትደንግጪ፣ ከዚያ ይለሰልሳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሶያ ሶስ፣ ጥቂት አቼቶ ጨምሪ። ለውዙን ስትለቅሚ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ሻጋታ የሚሸተውን ጣዪ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ከሱ ጎን ባስባስ አቅርቢ። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚ። ለዓሣው ከዚህ የሚስማማ የለም። ሦስተኛ ማጥቀሻ ብትፈልጊ ሐረሮች ለሁልበት መረቃቸው እንደሚያደርጉት የአብሽ ዱቄት ነክረሽ፣ የላይኛውን መራራ ውሃ ደፍተሽ፣ እስኪነጣና እስኪያረፋ ምቺው። ሎሚና ባስባስ ጠብ አድርጊበት። እንግዶችሽ የትም ያልቀመሱት ሆት ፖት የሚሆነው በዚህ ነው። ለቀዩ ድስት አዋዜ፣ የሰሊጥ ዘይት ካለሽ ደግሞ እሱ በነጭ ሽንኩርት ይበቃል።

እሳቱ። መብራት ዳግም ሊጠፋ ስለሚችል በኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ አትመኪ። ትንሿን የጋዝ ምድጃ ወይም ከሰል አዘጋጂ። ቤይጂንጎችም የሚያበስሉት መሐሉ ላይ ከሰል በሚነድበት የመዳብ ድስት ነው። በከሰል ከሆነ ግን ቤት ውስጥ በፍጹም አይሆንም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ግቢ ውስጥ ብዪ። የድሬ ምሽት ለዚህ የተፈጠረ ነው። «በዚህ ሙቀት ትኩስ መረቅ?» የሚል ካለ፣ ቀዩ ሆት ፖት የሚታወቅባት ቾንግቺንግ በበጋ ሙቀቷ ቻይና ውስጥ የተመሰከረላት ከተማ ናት። ክረምት ከበጋ ይበሉታል።

ሙቀቱ የሚያሳስበኝ በሌላ በኩል ነው። የሚበላሽ ምግብ ከፍሪጅ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም ይባላል። አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ድሬ ማታም ቢሆን ከዚህ ብዙ የማይወርድበት ወቅት አለ። ስለዚህ ሥጋውን በሙሉ ደርድረሽ ለማሳየት አትጓጊ። በትንንሽ ሳህን አውጪ፣ ሲያልቅ ሌላ ከፍሪጅ አምጪ። ከሳህኑ ሥር ሰፋ ባለ ትሪ በረዶ ብታደርጊ የበለጠ ነው።

ጥሬ የሚነሳበትና የሚበላበት ዕቃ ይለያይ። በየድስቱ መቆንጠጫና ወንፊት ያለው ጭልፋ አስቀምጪ፤ ሰው በራሱ ሹካ ወይም በራሱ ቾፕስቲክ ጥሬ ሥጋ አይንካ። ይህንን ገና ሳይጀመር ተናገሪ፤ ማንም አይከፋውም። የነጩ ድስት መቆንጠጫ ወደ ቀዩ፣ የቀዩ ወደ ነጩ እንዳይሻገር ድስቶቹን ጠረጴዛው ሁለት ዳር ላይ አራርቂ። ቻይናውያኑ ከሁለቱም ስለሚበሉ መሐል ላይ ይቀመጡ። ከቀዩ ወደ ነጩ ሲዞሩ ሳህን ይቀይሩ።

አንድ ጊዜ ብዙ አታስገቡ። ቀዝቃዛ ሥጋ ሲበዛ መረቁ መፍላቱን ያቆማል፣ ሥጋው ከመብሰል ይልቅ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ጥቂት አስገቡ፣ ተመልሶ ሲፈላ ቁጠሩ። መጀመሪያ ሻኛው ይግባ፣ ስቡ መረቁን ያጣፍጠዋል። ከዚያ ሌላው ሥጋ፣ ከዚያ ዶሮ፣ አትክልት በመሐል። ነጩ ድስት ላይ አትክልቱ ይቅደም። ዓሣው በሁለት ጣት ስፋት ተቆርጦ በወንፊት ጭልፋ ይያዝ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ። በየጊዜው የፈላ ውሃ ከማንቆርቆሪያ ጨምሩበት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አይደለም። መጨረሻ ላይ ቀጭን ፓስታ ወይም ኢንዶሚ፣ ቅመሙን ትታችሁ፣ መረቁ ውስጥ ይቀቀል። ያን ጊዜ መረቁ የማታውን ሁሉ ጣዕም ይዟል። ነጩ ላይ እንቁላል ስበሩበት።

የተረፈው ላይ አትሳሺ። ብዙ እጅ የገባበት መረቅ ወደ ፍሪዘር አይመለስም፤ ያልተነካ መረቅ ጓዳ ውስጥ ለይተሽ ካስቀመጥሽ ግን ይቀመጣል። ግቢ ወጥቶ የነበረ ጥሬ ሥጋ እዚያው ይብሰል ወይም ይጣል። ከፍሪጅ ያልወጣው ስስ ሥጋ ሰኞ ጠዋት በቃሪያና በሽንኩርት ጥብስ ይሁን፤ መልሰሽ አታቀዝቅዢው። የጎረቤትሽን ድስት ደግሞ ያንኑ ማታ አጥበሽ፣ ከባቢሌው ለውዝ ድልህ የተረፈውን በብርጭቆ ጨምረሽ መልሺላት።